መስከረም 17



ይህ እትም ለዛሬ የደረሰው በምክንያት ነው። ድምፃዊው ጥላሁን ገሠሠ የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ነበር፤ በመስቀል ዕለት። ያረፈው ደግሞ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ። ስንቱን በዓል ያደመቀልን ሰው መምጫውም መሄጃውም በዓል ሆነ! የሮክ ባንዱ የሜታሊካ ባስ ጊታር ተጫዋች ክሊፍ በርተንም ስዊድን ውስጥ በአውቶቡስ አደጋ የሞተው መስከረም 17 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው። አድናቂዎቹ ዛሬም ቀኑን ቆጥረው ያስቡታል።

እኛስ? ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና በየቤቱ ቁም ሣጥን ቢፈተሽ ካሴት አይጠፋም፤ ሽፋኑ ተልጦ፣ ክሩ በእስክሪብቶ ተጠምጥሞ። ዘፋኙ ይታወቃል፣ ዜማውም እንዲሁ፤ የተቀዳበት ቀን ግን አብዛኛው ላይ የለም። ዓመተ ምሕረቱን ካገኛችሁም ዕድለኞች ናችሁ።

በዚህ እትም ጥላሁንን ከሀገር ፍቅር ቴአትር እስከ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ፣ ከዚያም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እስከተፈጸመው ብሔራዊ ሥርዓተ ቀብሩ ድረስ እንከተለዋለን። በበዓል ጨዋታ መሀል ክርክር ሲነሣ ቁርጡን የምትናገሩበት መረጃ ታገኛላችሁ። ቀን የተጻፈበት ካሴት፣ ፖስተር ወይም ፎቶግራፍ ያላችሁ የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪዎች፣ አደራ፣ ከመጣላችሁ በፊት አሳዩን።