ከፍልውኃ የተወለዱ ሁለት ከተሞች

የፍልውኃ ከተማ የሚባለው ከምድር ውስጥ ሞቆ በሚፈልቅ፣ ማዕድን ባዘለ ውኃ ዙሪያ የተቆረቆረ፣ ሰው ለፈውስም ለዕረፍትም ለጉብኝትም የሚሄድበት ከተማ ነው። ከአውሮፓ ሰባት አገሮች የተውጣጡ 11 እንዲህ ያሉ ከተሞች እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በአንድነት ተመዝግበዋል። ከእነዚህ መካከል የእንግሊዟ ባዝ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ አይደለችም፤ ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ምክንያት ከተሰደዱ በኋላ እስከ 1932 ዓ.ም. ድረስ የኖሩት በዚችው ከተማ፣ ፌርፊልድ ሃውስ በተባለው ቤት ነበርና።

የባዝ ውኃ 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሞቆ በየቀኑ ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ይፈልቃል። ሮማውያን ምንጩን ሱሊስ ሚነርቫ ለሚሏት አምላክ ሰጥተው መቅደስና መታጠቢያ ሠሩበት። ከምንጩ ውስጥ በስስ የእርሳስ ብረት ላይ የተጫሩ 130 ያህል ጽሑፎች የወጡ ሲሆን፣ አብዛኞቹ እርግማኖች ናቸው፤ ሲታጠብ ልብሱ የተሰረቀበት ሰው፣ ሌባው ወንድም ይሁን ሴት፣ ባሪያም ይሁን ጨዋ፣ አምላኳ እንድትፋረደው አቤት ይልባቸዋል። የዛሬው ጎብኚ በዚያ ጥንታዊ ገንዳ አይታጠብም፤ አረንጓዴውን ውኃና የሚነሣውን እንፋሎት ዳር ቆሞ ያያል፣ ገላውን እ.ኤ.አ. በ2006 በተከፈተው አዲስ መታጠቢያ ያፍታታል፣ ከዚያም 30 ቤቶች በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተያይዘው የቆሙበትን ሮያል ክሬሰንትን በእግሩ ይጎበኛል። የባዝ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፦ ገላ በውኃው፣ ዓይን በሕንፃው፣ ልቡና በታሪኩ ያርፋል፤ ሦስቱም በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ይገኛሉ።

አዲስ አበባም የፍልውኃ ልጅ ናት። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከብርዳማው እንጦጦ እየወረዱ ይታጠቡበት የነበረው ፍልውኃ፣ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ በሚሉት ሥፍራ የሚገኝ ሲሆን፣ እቴጌይቱ በ1879 ዓ.ም. በአካባቢው ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ማለታቸው ይታወቃል። ሆኖም ከተማዋ ወደ ደቡብ ሰፍታ እንደ ሀና ማርያም ያሉ መንደሮችን ስታቅፍ፣ የተወለደችበት ምንጭ ከነዋሪው ትዝታ እየራቀ ሄዷል። ቅዳሜ ጠዋት ፎጣና ሳሙናውን በፌስታል ይዞ ከሀና ማርያም በታክሲ የሚመጣ አባወራ፣ ቲኬት ቆርጦ፣ ተራውን ጠብቆ፣ ታጥቦና ላቡን ጠርጎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ገላው ያርፋል፣ ልጆቹ ግን የከተማቸው ታሪክ ከዚያ ውኃ እንደጀመረ የሚነግራቸው ይፈልጋሉ።

ይህን ጉድለት ለማሟላት አዲስ ከተማ መገንባት አያስፈልግም። ከፍልውኃ ብዙም ሳይርቅ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት፣ ጊዮን ሆቴል፣ መስቀል አደባባይ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀውና የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ያለበት የአፍሪካ አዳራሽ ይገኛሉ። የጎደለው እነዚህን ከምንጩ ጋር የሚያያይዝ ጥላ ያለው የእግረኛ መንገድ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ የታሪክ ሰሌዳ፣ ሕፃናትን እየመራ የሚያስረዳ ሰውና ለአነስተኛ ገቢ ነዋሪ የማይከብድ የመታጠቢያ ዋጋ ነው።

አፄ ኃይለ ሥላሴ ፌርፊልድ ሃውስን እ.ኤ.አ. በ1958 ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ በስጦታ ሰጥተዋል፤ ባዝም እስከ ዛሬ የኢትዮጵያን ስም ከዚያ ቤት ጋር ታስባለች። የሰው አገር የስደተኛን ንጉሥ ቤት ይህን ያህል ከጠበቀ፣ አዲስ አበባ የራሷን እናት ምንጭ ከገላ መታጠቢያነት አልፋ በቅርስነት ልትጠብቀው፣ የሀና ማርያም ልጅም እንደ ወላጁ ቤት ሊያውቀው ይገባል።