በየወሩ የሚታወጅ «ውጤት»

አዲስ አሠራር ይጀመራል፤ በየወሩ አማካይ ይሰላል፤ ቁጥሩ ደስ ባሰኘበት ወር ጥናቱ ተዘግቶ «ለውጥ መጣ» ይባላል። ይህ ልማድ ጎጂ ነው፤ ሊቆምም ይገባዋል።

ሐረር የሚገኘውን ሕይወት ፋና ሆስፒታልን የመሰለ፣ ከከተማው አልፎ ለምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር የሚያገለግል የሕክምና ተቋም እናስብ። አብዛኛው ታካሚ በጥቂት ቀናት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ጥቂቱ ግን ወራት ይተኛል። ስታቲስቲክስ ይህን ጅራተ ረጅም ሥርጭት ይለዋል። 9 ሰዎች ሦስት ሦስት ቀን፣ አንዱ 60 ቀን ቢተኙ አማካዩ 8.7 ቀን ነው። በቀጣዩ ወር ያ አንድ ከባድ ሕመምተኛ ካልመጣ አማካዩ 3 ይሆናል። የተሻሻለ ነገር ሳይኖር ሪፖርቱ ስኬት ያውጃል።

ደጋግሞ ማየት ደግሞ ስህተቱን ያባብሳል። የስታቲስቲክስ ሊቁ ፒተር አርሚቴጅና ባልደረቦቹ በ1969 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ 5 በመቶ ስህተት የተፈቀደለት ፍተሻ መረጃው በተጨመረ ቁጥር 5 ጊዜ ቢደገም፣ በሌለ ለውጥ የመታለል ዕድሉ ወደ 14 በመቶ፣ 10 ጊዜ ቢደገም ወደ 19 በመቶ ያድጋል። ይህም ረጅም ጅራት በሌለው፣ ጠባዩ በታወቀ መረጃ ላይ ነው።

«ታዲያ እስከ መጨረሻው ሳናይ እንጠብቅ?» የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው፤ የታካሚ ጉዳይ ጊዜ አይሰጥምና። መልሱ ግን ከተገኘ ቆይቷል። አብርሃም ዋልድ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መረጃ በመጣ ቁጥር እየመዘኑ የሚወስኑበትን ተከታታይ ፍተሻ ቀመረ፤ የማቆሚያው ድንበር የሚሰመረው ግን አስቀድሞ ነው። ፒተር ሁበር በ1965 እ.ኤ.አ. አንድ አፈንጋጭ ቁጥር ብቻውን ውሳኔውን እንዳይጎትት ለክብደቱ ጣሪያ አበጀለት።

ጣሪያ ማበጀት ግን መሰረዝ አይደለም። «አፈንጋጭ ነው» ብሎ የ60 ቀኑን ታካሚ ከመዝገብ የሚያወጣም ያው አጥፊ ነው። አፈንጋጩ ራሱ ዋናው ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ድሬዳዋን በሌሊት የመታው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፤ የዓመታት የዝናብ አማካይ ያችን ሌሊት አይገልጻትም። ጅራቱ ለብቻው ይቆጠር፣ ለብቻውም ይነገር።

ስለዚህ ማንኛውም የሙከራ አሠራር ከመጀመሩ በፊት መቼ እንደሚቆምና አንድ ቁጥር ምን ያህል ሊመዝን እንደሚችል በጽሑፍ ይስፈር። ይህ ያልሰፈረበት የስኬት ሪፖርት በጀትም ጭብጨባም አይገባውም።