መሬት መሬት እንላለን፤ የቤታችንን ካርታ ግን ማን አነበበው?

ወገን፣ ዛሬ ስለ ትልቁ መሬት አልጽፍም። ስለ ወሰን፣ ስለ ታሪክ፣ «የማን ነው?» ስለሚባለው ክርክር እዚህ ብዙ ተብሏል፤ እኔም ብያለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ትንሿ መሬት ነው። እናታችሁ ቡና ስለሚያፈሉባት፣ አባታችሁ ዱካ አውጥተው ፀሐይ ስለሚሞቁባት፣ እናንተም ስልካችሁን ይዛችሁ ይህን ስለምታነቡባት ግቢ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅና በሐቅ መልሱልኝ። በቤታችሁ ካርታ ላይ «የቦታው አገልግሎት» በሚለው ፊት ለፊት ምን እንደተጻፈ ታውቃላችሁ? ስንት ካሬ ነው? ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ? በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ ግቢያችሁ ያለበት ቦታ ምን ቀለም ተቀብቷል? ስለ አገር መሬት ሌሊቱን ሙሉ ስንከራከር የምናድር ልጆች፣ እነዚህን አራት ጥያቄዎች የምንመልስ ስንቶቻችን ነን? እኔ ከሁለት ዓመት በፊት አንዱንም አልመልስም ነበር።

ያደግኩት ጦር ኃይሎች ነው። ከአያት የተነሳው ባቡር መጨረሻው እኛ ጋ ነው፤ ልደታን፣ ኮካ ኮላን አልፎ መጥቶ ቆሞ ይመለሳል። ዲግሪዬን ይዤ እኔም እዚያው ተመልሼ ቆሜያለሁ። ሥራ የለም። ሥራ የሌለው ምሩቅ ግን በሰፈር አንድ ጥቅም አለው፦ ወረቀት ያነባል። «እስቲ ያ የተማረው ልጅ ይየው» እየተባለ ጎረቤት ሁሉ ፌስታል ውስጥ የተጠቀለለ ሰነዱን ይዞልኝ ይመጣል። ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የውርስ ወረቀት፣ ማንም ያልገባው ደብዳቤ። በነዚህ ሁለት ዓመታት ስንት ፌስታል እንደፈታሁ አልቆጠርኩትም።

ያየሁት ምን መሰላችሁ? ካርታው «መኖሪያ» ይላል፤ ከፊት ለፊቱ ሦስት ሱቅ ተከፍቷል። ካርታው 175 ካሬ ይላል፤ አጥሩ ከ200 በላይ አቅፏል። ካርታው በሞቱ አባት ስም ነው፤ ልጆቹ አምስት ናቸው፤ አንዱ ዱባይ፣ አንዷ ደሴ። ማናቸውም ወንጀለኞች አይደሉም። ማንም አንብቦ አልነገራቸውም፣ በቃ። ለብዙው ሰው ካርታ ማለት ስምና ማኅተም ነው። ስሙ ልክ ከሆነ፣ ማኅተሙ ካረፈበት፣ ተመልሶ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ልጅ ሊድር ወይም ብር ሊበደር ካልሆነ አይወጣም።

የራሳችንንም ልንገራችሁ፤ ሰው ላይ ብቻ ጣት መቀሰር ደስ አይልም። አባቴ ጡረታ ሲወጣ ከግቢው ጀርባ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሠርቶ ለማከራየት አሰበ። ብሎኬቱ፣ ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው በዕቁብ ብር ተገዛ። ፈቃድ ሲባል «በገዛ ግቢዬ ምን ፈቃድ ያስፈልገኛል?» አለ። ግድግዳው ከበር በላይ ሲደርስ «አቁም» የሚል ወረቀት መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። የሁለት ዓመት ዕቁብ በአንድ ጠዋት። እኔ ያኔ ካምፓስ ነበርኩ፤ በስልክ ነው የሰማሁት። እናቴ «ደህና ነን» ብላ ዘጋችው።

ኋላ መጥቼ ካርታውን ከሳጥን አወጣሁ። የማዕዘኖቹ ቁጥሮች ነበሩበት፤ ቀያሽ ለሚያውቅ ሰው አሳይተን ለካን። የሰርቪሱ አንድ ጥግ ከወሰናችን ውጪ ነበር። ማለትም ፈቃድ ቢጠየቅም እዚያ ጥግ ላይ አይሰጥም ነበር። ቤቱን ጥቂት ወደ ውስጥ አስጠግተን፣ ፈቃድ ይዘን ብንጀምር ግን የሚፈርስበት ምክንያት አልነበረም። የምወቅሰው ሰው የለኝም። ጥፋቱ የእኛው ነበር። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

አባቴ ያላትን «በገዛ ግቢዬ» የምትል ቃል ግን ልብ በሏት። ሁላችንም እናምንባታለን። ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ሊይዝ የሚችለው ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ተባለ። ደርግ ሄደ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መጣ፤ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። የእናንተ የሆነው በላዩ ላይ የሠራችሁት ቤት፣ ያፈራችሁት ንብረትና የመጠቀም መብታችሁ ነው። ይህ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እኔም የራሴ አቋም አለኝ፣ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። እስኪቀየር ድረስ ግን የቤታችሁ ዕጣ የሚወሰነው በአቋማችሁ አይደለም። በእጃችሁ ባለው ወረቀትና በከተማው ፕላን ነው።

ፕላኑ ነው ጭራሽ የማናውቀው። ካርታው ቢያንስ ሳጥን ውስጥ አለ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተሞች በመዋቅራዊ ፕላን እንዲመሩ፣ ከዚያ በታች ደግሞ ለየሰፈሩ የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲሠራ ይላል። መዋቅራዊ ፕላኑ የከተማዋን መሬት በቀለም ይከፍለዋል፤ እዚህ መኖሪያ፣ እዚህ ንግድ፣ እዚህ አረንጓዴ፣ እዚህ መንገድ። ከፍታውም በዚያው ይወሰናል። አንዱ ጎረቤት ጂ ፕላስ አንድ ሲፈቀድለት፣ ዋናው መንገድ ዳር ያለው «ከዚህ ፎቅ በታች አይሠራም» ይባላል። እኛ ደግሞ «ለእሱ ፈቅደው ለእኔ ከለከሉኝ፤ ዘመድ አለው» እንላለን። ዘመድ የሚሠራበት ቦታ የለም አላልኩም። ግን አንዳንዴ ነገሩ ቀለሙ ነው።

ስለዚህ መሠረት ከመቆፈር በፊት የሚጠየቀው የፕላን ስምምነት የሚባለው ነው። በቀላሉ «ይህ ቦታ በፕላኑ ለምን ተይዟል? ምን ልሠራበት እችላለሁ?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅና በጽሑፍ መልስ መያዝ ነው። ግቢያችሁን መንገድ ቆርጦት የሚያልፍ ከሆነ የምታውቁት ያኔ ነው፤ ብሎኬት ከተራገፈ በኋላ አይደለም። ቀጥሎ የግንባታ ፈቃድ ይመጣል። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» ብሎ በሦስት ምድብ ከፍሏቸው ነበር። ፋብሪካው፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ፣ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመው «ሐ» ነበር። የአባቴ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ከታችኛው ከ«ሀ» ነበር። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ትንሽ ስለሆነች ፈቃድ የማይነካት ይመስለዋል። ይነካታል።

ሱቁም እንደዚያው ነው። ካርታው መኖሪያ የሚል ቤት ሱቅ የሚሆነው የአገልግሎት ለውጥ ተጠይቆ፣ ፕላኑ ከፈቀደ ብቻ ነው። እናቶቻችን በእንጀራና በበርበሬ መሸጫ እንዳሳደጉን አውቃለሁ፤ ማንንም ለማስደንገጥ አይደለም የምጽፈው። ግን ቤቱ አንድ ቀን ሲገመት ወይም ውል ሲፈረም ያቺ «መኖሪያ» የምትል ቃል ወጥታ ትናገራለች።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቃትን አንዲት ነገር ልንገራችሁ፤ ወንድማማች ያጣላች ነገር ናት። የሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 በአንቀጽ 6 ላይ፣ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በስተቀር በማንኛውም መንገድ ለሌላ ሰው ከተላለፈ፣ የተቀበለው ሰው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው ይላል። በወረሳችሁትና በገዛችሁት መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው። ገዢው ይህን ያውቃል፤ ዋጋ ሲነጋገር አስቦ ነው የሚመጣው። ደላላውም ያውቃል። የማያውቁት ሻጮቹ ናቸው። የመኖሪያ ሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ለንግድ 60። ወንድሞቼ፣ «እንሽጠውና እንካፈል» ከማለታችሁ በፊት ይህችን አንቀጽ አብራችሁ አንብቡ። ይዞታውን ለመክፈል ካሰባችሁም የቦታ ስፋት ዝቅተኛ ልክ አለውና መጀመሪያ ጠይቁ።

ካርታ የሌላችሁስ? ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ይህ የጥቂት ሰው ጉዳይ አይደለም። ሰነድ አልባ ይዞታ ሲታይ የሚጠየቀው ቤቱ በ1988 እና በ1997 በተነሳው የአየር ፎቶ ላይ ይታያል ወይ የሚለው ነው። የምትይዙት የድሮ ደረሰኝ፣ የመብራትና የውኃ ውል፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ወረቀት ሁሉ ዋጋ አለው። አይጥ እንዳይበላው።

ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ፣ ካዛንቺስ በ2017 መጀመሪያ ሲፈርስ በስልካችን ቪዲዮ አይተናል፤ አልቅሰናል፤ ተሳድበናል፤ ሼር አድርገናል። ስንቶቻችን ግን አዋጅ ቁጥር 1161/2011ን አነበብን? መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ስለ ካሣና ስለ መልሶ ማቋቋም የሚደነግገው እሱ ነው፤ በኋላ ማሻሻያ ተደርጎበታል። እዚያ ውስጥ በወርቅ መጻፍ የነበረባት ድንጋጌ አለች፦ መልሶ ልማት በሚካሄድበት ቦታ ያሉ ባለይዞታዎች፣ በፕላኑ መሠረት ቦታቸውን በግል ወይም በቡድን ለማልማት ቅድሚያ መብት አላቸው ትላለች። በግል ወይም በቡድን! ቃሏ ሰፈር ሙሉ ሰው የሚያድር ቤት ልትሠራ የምትችል ናት።

በእርግጥ ቅድሚያው አቅም ላለው ነው፤ ፕላኑ ፎቅ የሚጠይቅበት ቦታ ላይ 90 ካሬ የያዘች አንዲት እናት ብቻዋን ምን ታደርጋለች? ምንም። ግን ስምንት ጎረቤት ቦታውን አንድ ላይ ቢያደርግስ? ይህ ሕልም አይደለም። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1923 ቶኪዮ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ስትወድም መልሰው የሠሯት በብዙ ሰፈር በዚህ ዓይነት መንገድ ነበር፤ እያንዳንዱ ከይዞታው እየቀነሰ ለመንገድና ለመናፈሻ ሰጠ፣ የቀረውም ተስተካክሎ ለባለቤቱ ተመለሰለት። እኛ ደግሞ ከእነሱ የማናንስበት ነገር አለን፤ እድር አለን። የሰፈራችን እድር ድንኳን ገዝቷል፣ ድስት ገዝቷል፣ አግዳሚ ወንበር ገዝቷል። ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉን ያደራጃል። ግን ሰፈሩ ራሱ በፕላን ላይ ሞቶ እንደሆነ ወይ ሊሞት እንደሆነ አንድ ቀን አጀንዳ ሆኖ ሰምቼ አላውቅም። ባለፈው አንስቼው አንድ አዛውንት «ልጄ፣ እሱ የመንግሥት ሥራ ነው» አሉኝ። ተከራከርኳቸው፤ ገና አላሳመንኳቸውም።

አውቃለሁ፣ ከታች ኮሜንት ላይ ምን እንደምትጽፉ። «አንተ ደግሞ! ግሬደር ሲመጣ አንቀጽ ታነብለታለህ?» ልክ ናችሁ፣ አንቀጽ ግሬደር አያቆምም። ወረቀቱ የሞላለት ሰውም ሲንገላታ አይቻለሁ። ግን ሌላም አይቻለሁ። በስሙ የዞረ ካርታና የጽሑፍ ጥያቄ ያለው ሰው ክርክሩን የሚጀምረው «ስንት ይገባኛል?» ከሚለው ነው። ሌላው «እዚህ እኖር ነበር» የሚለውን ከማስረዳት ይጀምራል፤ የአቤቱታው ቀን ደግሞ የተቆጠረ ነው፣ አይጠብቀውም። በዚህ መሐል ነው ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባዩ ገብቶ የእናታችሁን ወርቅ የሚያሸጠው።

ደግሞ ጊዜው ነው። የአሁኑ የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን በ2009 የጸደቀ የአሥር ዓመት ፕላን ነው፤ ዘመኑ 2019 ላይ ያበቃል። ቀጣዩ ሲሠራ ግቢያችን አዲስ ቀለም ይቀባል። አዋጅ 574 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ ይወያይበት ይላል። ውይይቱ ሲጠራ አዳራሹ ውስጥ ማን ይቀመጣል? እስካሁን ባየሁት አበል የሚጠብቁና ያረጁ አባቶች ናቸው፤ ካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ማንበብ የምንችለው እኛ ደግሞ ውጪ በረንዳ ላይ ስለ አገር እናወራለን።

የይዞታ ምዝገባም አለ። ቀያሾች ቀጣና በቀጣና እየዞሩ ወሰን ያረጋግጣሉ። የእናንተ ተራ ሲደርስ አባታችሁን ብቻቸውን አትተዉ። ከጎረቤት ጋር ያለ የአጥር ክርክር ካለ ከዚያ ቀን በፊት በሽማግሌ ጨርሱት።

ዛሬ ማታ ሳጥኑን አስከፍቱ። ካርታውን ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሱት፣ ስፋቱንና አገልግሎቱን ጻፉ፣ በማን ስም እንደሆነ እዩ። የሞተ ሰው ስም ላይ ከሆነ ነገ ሳይሆን ዛሬ ተነጋገሩበት። ከዚያ ወረዳ ሄዳችሁ «ግቢያችን በፕላኑ ምን ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በወረቀት ተቀበሉ። ጦር ኃይሎች አካባቢ ያላችሁና ያልገባችሁ ነገር ካለ ፌስታላችሁን ይዛችሁ ኑ። እኔ እንደሆነ ሥራ የለኝም፣ ጊዜ አለኝ።