ተጨማሪ መብራትና የአዲስ ሞተር ብስክሌት ዋስትና

በክረምት ምሽት ከአራዳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሀር ዕቃ የሚያደርስ ሞተረኛ ከፋብሪካ የመጣው የፊት መብራት ብቻ አይበቃውም። ስለዚህ አዲስ በገዛው ሞተር ብስክሌት ላይ ፓውዛ፣ የስልክ ቻርጀር፣ አንዳንዴም ጂፒኤስ ያስገጥማል። ይህ ቅንጦት አይደለም፤ አድራሻ የሚመራው ስልክ ከጠፋበት የምሽቱ ሥራ አብሮ ይጠፋል። ብልሽት ሲደርስ ግን «ገመዱ ተነክቷል፤ ዋስትናው ፈርሷል» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። ይህ መልስ ከሚገባው በላይ የሰፋ ነው።

በ12 ቮልት ሥርዓት ላይ 10 ዋት የሚወስድ ቻርጀር ከ1 አምፒር በታች ይስባል፤ ሁለት ባለ 20 ዋት ፓውዛዎች ግን በአንድነት ከ3 አምፒር ይበልጣሉ። የአነስተኛ ሞተር ብስክሌት ማመንጫ አቅሙ ውስን ነው፤ በትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሽከረከር ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። የጎደለውን ባትሪው ይሞላል፤ በየምሽቱ ሲደጋገም ባትሪው ይደክማል። ለዚህ ሻጩን መጠየቅ ፍትሐዊ አይሆንም። የክላክሱን ገመድ ልጦ፣ ሌላ ቀጥሎ በናስትሮ መጠቅለልም እንዲሁ ነው፤ ውሃ ይገባበታል፣ መዳቡም ይበላል። በአንጻሩ ከባትሪው በራሱ ገመድ የወጣ፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ያለው፣ ሞተር ብስክሌቱ ሲጠፋ በሪሌ የሚቋረጥ መብራት የፋብሪካውን ገመድ አይቆርጥም፤ ሽቦው ቢገናኝ የሚቃጠለው ፊውዙ ነው። እንዲህ በተሠራ ሞተር ብስክሌት ላይ ማርሹ ቢሰበር ከፓውዛው ጋር ምን ያገናኘዋል?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን በቁጥር 2287 ያስገድደዋል። ገዢውም ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። ጥያቄው እንግዲህ ጉድለቱ ከዕቃው ጋር መጥቷል ወይስ በኋላ ተፈጥሯል የሚል የምክንያት ጥያቄ እንጂ፣ ገመድ ተነክቷል አልተነካም የሚል አይደለም። በአሜሪካ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የማግነሰን–ሞስ የዋስትና ሕግ አምራቹ ዋስትናውን በራሱ የንግድ ስም በተሸጠ መለዋወጫ ላይ ብቻ እንዳይወስን በመርህ ደረጃ ይከለክላል። ሕጉ እዚህ አይሠራም፤ አስተሳሰቡ ግን ለአራዳ ሞተረኛም ይበጃል።

ማስረጃ ከሌለ ግን መብቱ ባዶ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ሱቆች ተነሥተዋል፤ መብራቱን የገጠመው ኤሌክትሪሽያን ነገ እዚያው ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ የፊውዙን መጠንና ገመዱ የተያያዘበትን ቦታ የሚገልጽ የተፈረመ ደረሰኝ ከመብራቱ ጋር ሊሰጥ ይገባል። ሻጩም በርክክብ ቀን ስንት ዋት መጨመር እንደሚፈቀድና ከየት እንደሚወሰድ በአማርኛ በጽሑፍ ይስጥ። ይህን ያልገለጸ ሻጭ በኋላ «ተነክቷል» ቢል፣ የተነካው ነገር ጉዳቱን ማድረሱን የማስረዳት ሸክም የእርሱ ሊሆን ይገባል።

ለዚህ የሚጎድለው የተለካ ቁጥር ነው። በከተማው በብዛት የሚታዩ ሞተር ብስክሌቶች ሞተራቸው በዝግታ ሲሽከረከር ስንት ዋት እንደሚተርፋቸው መለካት ውድ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም፤ የአምስት ኪሎ የምሕንድስና ተመራቂ በአንድ አምፒር መለኪያ በጥቂት ቀናት ይጨርሰዋል፤ የሚለካቸው ሞተሮችም የእግር መንገድ ርቀት ላይ ፒያሳ ቆመው ይገኛሉ።