አንድ ማተሚያ ለሦስት ጸሐፊዎች

ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ በእጅ የተጻፈ ነው። ላኪዋ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት ስትሆን፣ በእጇ ለመጻፍ የተገደደችው ማተሚያው እንደ ልማዱ እምቢ ስላላት መሆኑን በመግቢያዋ ላይ ገልጻልናለች። አገላለጿ ፈገግ ቢያሰኝም ቅሬታዋ ግን የሚያስቅ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክፍሉ ሦስት ጸሐፊዎች ሲኖሩ ማተሚያው አንድ ብቻ ነው። እርሱም በዊንዶውስ 7 ከሚሠራ አሮጌ ኮምፒዩተር ጋር በገመድ ተያይዟል። ዘንድሮ ለእኅታችንና ለአንዲት ባልደረባዋ ዊንዶውስ 11 የተጫነባቸው አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ተሰጧቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአዲሶቹ ኮምፒዩተሮች የሚላክ ጽሑፍ ከማተሚያው አይወጣም። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች ጽሑፋቸውን በፍላሽ እየቀዱ በአሮጌው ኮምፒዩተር ፊት ተራ ይጠብቃሉ። ወረፋው የሚብሰው ደግሞ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ነው። ትንሹ ልጇ በመዋእለ ሕፃናቱ በር ከዘበኛው ጋር ተቀምጦ እናቱን ይጠብቃል። ይህ ሳያንስ ኃላፊዋ «አዲስ ዕቃ ተገዝቶልሽ መጠቀም አቃተሽ» ሲሉ በሰው ፊት ወቅሰዋታል። እርሷም «እውነት ጥፋቱ የእኔ ነውን?» ስትል ትጠይቀናለች።

አይደለም። ምክንያቱን ከዚህ እንደሚከተለው እናስረዳለን።

ኮምፒዩተር ከማተሚያ ጋር የሚግባባው ድራይቨር በሚባል አስተርጓሚ አማካይነት ነው። ዊንዶውስ 7 በ32 ቢትም በ64 ቢትም ይዘጋጅ ነበር። ዊንዶውስ 11 ግን በ64 ቢት ብቻ የሚዘጋጅ ነው። በመሆኑም አሮጌው ኮምፒዩተር ባለ 32 ቢት ከሆነ የእርሱ አስተርጓሚ ለአዲሱ አያገለግልም።

ሁለተኛው ምክንያት የጥበቃ ጉዳይ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በዊንዶውስ የኅትመት አገልግሎት ውስጥ ለሰርጎ ገቦች መግቢያ የሚሆን ቀዳዳ በመገኘቱ ማይክሮሶፍት በተከታታይ ማሻሻያዎችን አወጣ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ብዙ የጋራ ማተሚያዎችን ከሥራ አቋርጦ ነበር። በ11ቢ የሚያበቃውን የስሕተት ቁጥር ያዩ ሠራተኞች ይህን ያስታውሱታል። ለዊንዶውስ 7 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ግን ከዚያ አስቀድሞ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. አብቅቶ ነበር። አንደኛው ቤት ቁልፉን ሲለውጥ ሌላው በአሮጌው ቁልፍ ቀረ ማለት ነው። ከዊንዶውስ 7 ጋር የመጣው ሆምግሩፕ የተባለው ቀላል የመጋሪያ ዘዴም ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በአዲሶቹ ላይ ስለሌለ፣ የድሮውን ዘዴ የሚያውቁ ቢፈልጉት አያገኙትም።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይቻላል?

አንደኛ፣ ኮምፒዩተሮቹ ሁሉ በአንድ ኔትወርክ ላይ መሆናቸውን፣ ኔትወርኩም «ፐብሊክ» ሳይሆን «ፕራይቬት» ተብሎ መመዝገቡን ይመልከቱ። ማተሚያው የተያያዘበት ኮምፒዩተር ካልበራ ወይም እንቅልፍ ላይ ከሆነ የሌሎቹ ልፋት ከንቱ ነው።

ሁለተኛ፣ በአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ የማተሚያውን «ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ» ከፍተው «ሼሪንግ» በሚለው ገጽ መጋራቱን ይፍቀዱ። ለማተሚያው የሚሰጡት ስም አጭር፣ በእንግሊዝኛ ፊደልና ክፍት ቦታ የሌለው ቢሆን ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ የይለፍ ቃል ያለው የተጠቃሚ ስም ያውጡ። አዲሱ ኮምፒዩተር ማንነት ሲጠይቅ ይህንኑ ስምና ቃል ይስጡት።

አራተኛ፣ በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ለዊንዶውስ 11 የተዘጋጀውን ድራይቨር ከማተሚያው አምራች ድረ ገጽ አውርደው አስቀድመው ይጫኑ።

አምስተኛ፣ ይህም ሆኖ እምቢ ካለ፣ ማተሚያ በሚጨመርበት ቦታ በእጅ መጨመርን መርጠው «ሎካል ፖርት» የሚባል አዲስ መግቢያ ይክፈቱ። በመጠየቂያው ላይ ሁለት ጊዜ \ ምልክት አድርገው የአሮጌውን ኮምፒዩተር ስም፣ ቀጥሎ አንድ \ አድርገው የማተሚያውን የመጋሪያ ስም ይጻፉ፤ ከዚያም የጫኑትን ድራይቨር ይምረጡ። አዲሱ ኮምፒዩተር የራሱን አስተርጓሚ ስለሚጠቀም ይህ መንገድ ሌሎቹ ባልሠሩበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። አንዳንድ ጠጋኞች ችግሩን በቶሎ ለመገላገል የጥበቃ ማሻሻያውን ያነሣሉ፤ ወይም ፋየርዎሉን ያጠፋሉ። ማተሚያው በዚያን ቀን ይሠራ ይሆናል። ነገር ግን የሠራተኛው ደመወዝና የባለጉዳዩ ማኅደር ያለበት ኮምፒዩተር በሩ ተከፍቶ ያድራል። ፍላሽ ይዞ ከኮምፒዩተር ኮምፒዩተር መዞርም ቫይረስን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛመት ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ማተሚያው የኔትወርክ መሰኪያ ወይም ዋይፋይ ካለው በቀጥታ ከኔትወርኩ ጋር አገናኝቶ የማይለዋወጥ አድራሻ መስጠት ነው። ያን ጊዜ ሦስቱም ጸሐፊዎች በየራሳቸው ድራይቨር ያትማሉ፤ የማንም ኮምፒዩተር የሌላው ጥገኛ አይሆንም። ጥበቃው የተቋረጠበትን አሮጌ ኮምፒዩተርም ያለ ሥጋት ማሰናበት ይቻላል።

ለኃላፊዎችም የምንለው አለን። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለሆነም አሮጌና አዲስ ኮምፒዩተር ጎን ለጎን የሚሠራባቸው ቢሮዎች ጥቂት አይሆኑም። ኮምፒዩተር ሲገዛ ያለው ማተሚያ ከእርሱ ጋር ይስማማ እንደሆነ አስቀድሞ ማጣራት የገዢው ተግባር እንጂ የጸሐፊዋ አይደለም። ሥልጠና ሲመጣም ስለ ዕቃው ሲሰለጥን በየቀኑ የሚጠቀምበት ሠራተኛ ከጥሪው መዘንጋት የለበትም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ያላስተማሩትን መውቀስ ፍርድ አይደለም።

ለእኅታችን ደግሞ የምንመክራት ይህን ነው። ችግሩን ከነስሕተት ቁጥሩና ከነቀኑ በጽሑፍ አድርጋ ለኃላፊዋ ታቅርብ፤ ግልባጩንም ትያዝ። በቃል የተነገረ ቅሬታ በማግሥቱ ይረሳል፤ በቃል የተሰነዘረ ወቀሳ ግን በሰው ስም ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ከላይ የዘረዘርናቸውን አምስት ነጥቦችም ከባልደረቦችዋ ጋር አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ተቀምጠው ይሞክሯቸው። የአንድ ሰዓት ድካም ነው። በመዋእለ ሕፃናቱ በር ላይ ለሚጠብቀው ሕፃን ግን የየቀኑን አንድ ሰዓት ይመልስለታል።