የሶፊው የድንጋይ ቤት እና የገዳሪፍ ቤቶቻችን

የጓንግ ወንዝ ከጭልጋ አካባቢ ተነሥቶ ቆላውን አቋርጦ የሱዳንን ድንበር ሲሻገር አትባራ ይባላል። ተከዜም እዚያ ማዶ ሰቲት ነው። ሁለቱ ከሚገናኙበት ብዙም ሳይርቅ፣ በአትባራ ዳር ሶፊ በምትባል የአረቦች መንደር፣ በ1853 ዓ.ም. ክረምት አንድ ክብ የድንጋይ ቤት ነበር። ባለቤቱ ፍሎሪያን የሚባል ጀርመናዊ ድንጋይ ጠራቢ ነው። ካርቱም ከነበረው የኦስትሪያ ሚሲዮን ጋር መጥቶ፣ ሚሲዮኑን ትቶ ወደ ጠረፉ ወረደና በአደን መኖር ጀመረ። ጎረቤቱ ሁሉ በሣር ጎጆ በሚኖርበት አገር እሱ በለመደው ሙያ ግድግዳውን በድንጋይ ሠራ። ኋላም አንበሳ ገደለው።

ይህን ሁሉ የምናውቀው የጻፈለት ሰው ስለነበረ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ኋላ ሚስቱ ከሆነችው ከፍሎረንስ ጋር ወደ ዓባይ ምንጭ ሲጓዝ ያን ክረምት ሶፊ ላይ ከረመ። ለራሱም በአስር ቂርሽ ጎጆ ገዛ፤ የመንደሩ ሰዎች ጣሪያውን በአናታቸው ተሸክመው ከመረጠው ቦታ አደረሱለት። ከዚያ ቀደም ብሎ ደረቁ የአትባራ አሸዋ በአንድ ሌሊት ሲሞላ በዓይኑ አይቷል፤ የግብፅን እርሻ የሚያለመልመው ደለል ከኢትዮጵያ ተራሮች እንደሚወርድም ጽፏል። መጽሐፉን በ1867 እ.ኤ.አ. አሳተመ። የፍሎሪያን ስም እስከ ዛሬ የዘለቀው በዚያ መጽሐፍ ነው። ያን ጣሪያ የተሸከሙት ሰዎች ግን ስም የላቸውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ያ ጠረፍ የስደተኛና የሰፋሪ አገር ሆኖ የኖረ ነው። በ1815 ዓ.ም. የሸንዲው ገዥ መክ ኒምር የግብፁን የመሐመድ ዓሊን ልጅ እስማኤልን ከገደለ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ ሸሽቶ ማይ ጉባ ላይ ከተመ፤ ቤከር በደረሰ ጊዜ በቦታው የነበረው ልጁ ነው። ከዳርፉር የመጡት ተክሩሮች ጋላባትን ትልቅ ገበያ አደረጓት። በ1970ዎቹ ድርቅና ጦርነት ሕዝባችንን ሲያሰድዱ በሱዳኗ ገዳሪፍ የሚገኘው ኡም ራኩባ መጠለያ ሆነ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲነሣ ያው ኡም ራኩባ እንደገና ስደተኛ ተቀበለ።

በዚያ ጠረፍ ካለፉት ስደተኞች ሁሉ ታሪካቸውን በደንብ የያዙት ቤተ እስራኤሎች ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ከሱዳን መጠለያዎች በአውሮፕላን ተወስደው እስራኤል የገቡት ሰዎች በመንገድና በመጠለያ የቀሩባቸውን ወገኖቻቸውን አልረሱም። በኢየሩሳሌም ኸርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱም ይታሰባሉ። የሌሎቻችን ገዳሪፍ ግን የት ተጻፈ? ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ እዚያው የቀረው፣ ሻይና ቡና እያፈላች ልጆቿን ያሳደገችው፣ እንጀራ ጋግራ ለአገሯ ልጆች የሸጠችው፣ ጋራዥ ከፍቶ የሱዳን ልጆችን ሙያ ያስተማረው የት አሉ? እነሱም በራሳቸው እጅ ቤት የሠሩ ሰፋሪዎች ናቸው፤ ታሪካቸው ከፍሎሪያን ታሪክ የሚያንስበት ምንም ምክንያት አይታየኝም።

ጊዜውም እየጠበበ ነው። በአትባራና በሰቲት ላይ የተሠሩት የሩሜላና የቡርዳና ግድቦች በ2009 ዓ.ም. ሲመረቁ ሰፊ መሬት በውኃ ተሸፍኖ፣ መንደሮች ተነሥተው ነዋሪዎቻቸው ሌላ ቦታ ሰፍረዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ ካርቱም የሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል። ገዳሪፍ ከየአቅጣጫው በተፈናቀሉ ሰዎች ተጨናንቃለች፤ ዕድሜያቸውን እዚያ ያሳለፉ ብዙ ወገኖቻችንም በመተማ በኩል ተመልሰዋል። ሲመለሱ ፎቶ አልበም ለመያዝ የቻሉት ጥቂቶች ይመስሉኛል።

ስለዚህ በገዳሪፍ፣ በዶካ፣ በጋላባት፣ በሸዋክ የኖራችሁ ሁሉ፣ የኖራችሁበትን ቤት ጻፉልን። ማን ሠራው፣ በምን ተሠራ፣ ከየት የመጣ ሰው ነበር፣ ጎረቤቱ ማን ነበር፣ አከራዩ ሱዳናዊ እንዴት ያለ ሰው ነበር፣ ልጅ ሲወለድ ማን ገንፎ አመጣ፣ ሲሞትስ ማን ቀበረ? ፎቶ ካለ ከጀርባው ስምና ዓመት ይጻፍበት። መጻፍ የማይችል አባት ወይም እናት ካለ ልጅ በስልኩ ድምፃቸውን ይቅዳ። በሕይወት ያለ ሰው ስሙ የሚጻፈው ግን ሲፈቅድ ብቻ ይሁን፤ ድንበሩ ዛሬም ሰው የሚፈራበት ቦታ ነው።

የመተማና የገንዳ ውኃ መምህራን ተማሪዎቻችሁን ከስደት ተመላሾች ጋር አስቀምጡልን፤ አንድ የትምህርት ዘመን ብዙ ታሪክ ይሰበስባል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚሰበሰበውን የሚያስቀምጥበት ክፍልና የሚከታተለው ባለሙያ ይመድብ፤ ሰላም ሲወርድም ከገዳሪፍ ዩኒቨርሲቲ ጋር ይሥራ፤ የሱዳናውያኑ ጎረቤቶቻችን ትውስታ ከሌለበት የእኛ ጎዶሎ ነውና። በገዳሪፍ የነበራችሁ የዕድርና የሰበካ አባላት የአባላት መዝገብ የተረፋችሁ እንደሆነ ቅጂውን ሳይውል ሳያድር አስነሡ። በውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ሱዳንን ተሻግራችሁ የሄዳችሁ ብዙ ናችሁ፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ያሳደራችሁን ሰው ስም ታስታውሳላችሁ። እሱንም ጻፉት።