ከሞተሩ በፊት የፊት እግሩ

የእንግሊዙ ካተርሃም ኩባንያ ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖረው በአንድ መኪና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። “ሰቨን” የተባለችውን ባለሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ኮሊን ቻፕማን በሎተስ ስም ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ ካተርሃም የማምረት መብቱን የገዛው በ1973 ነው። በብሪታንያ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው መኪና የግዥ ታክስ አይከፈልበትም ነበር። በዚያው በ1973 የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲተካ ይህ ጥቅም ቀረ፤ ሎተስም ፊቱን ወደ ውድ መኪኖች አዙሮ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የካተርሃም ገበያ አዲስ ሞዴል ከመሸጥ ይልቅ ያንኑ መኪና ማሻሻል ሆኗል። ከማሻሻያዎቹ ሁሉ ገዢው አቅልሎ የሚያየው የፊት እግሩን ነው።

ቻፕማን ቆጣቢ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሰቨኖች ላይ መኪናው በኩርባ እንዳያጋድል የሚይዘው ብረት የላይኛው ብራቾ አንድ ክንድ ሆኖም ያገለግል ነበር። ወጪም ክብደትም ይቀንሳል። ይሁንና ባለቤቱ ብረቱን ለመቀየር ሲነሳ ብራቾውንም መነካካቱ ነው። ካተርሃም በኋላ ሁለቱን ለይቶ ሙሉ ብራቾ ሰጠ፤ የሁለቱን የፊት ጎማዎች ርቀት የሚያሰፋ አማራጭም በተጨማሪ ክፍያ አቀረበ።

ታዲያ ገንዘቡ ያዋጣል? አብዛኛው ባለቤት መጀመሪያ የፈረስ ጉልበት ይገዛል። የፊት እግሩ ተራ ሲደርስም ጠንካራ ሞላ ያስገባና ተሻሻለ ይላል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። አንድ የፊት ጎማ ከቸርኬውና ከፍሬኑ ጋር 30 ኪሎ ይመዝናል እንበል። 1,500 ኪሎ በሚመዝን የቤት መኪና በአንድ ጎማ ላይ የሚያርፈው 375 ኪሎ ስለሆነ ድርሻው 8 በመቶ ነው። 500 ኪሎ በሆነ መኪና ግን 24 በመቶ ይደርሳል። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ መኪናውን ይዞት ይዘላል፤ የዘለለ ጎማ ደግሞ አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይዝም። ሞላው ሲጠነክር ይብሳል።

በአዲስ አበባ የጭነት አይሱዙ ባለቤት ባሌስትራ ቢያስጨምር ምክንያት አለው፤ ጭነቱ ገቢው ነውና። ሰቨን የምትጭነው ሁለት ሰው ነው።

በመሆኑም ብሩ መሄድ ያለበት በቅድሚያ ወደ ጥሩ ጎማና ቀላል ቸርኬ፣ ቀጥሎ ጥንካሬው ወደሚስተካከል አሞርዛተር፣ ከዚያም አላይመንቱን በሚዛን ላይ ወደሚያስተካክል ባለሙያ ነው። የመጨረሻው ከሁሉ ይረክሳል፤ ሆኖም ዕቃ ሻጩ ምንም ስለማያተርፍበት ማስታወቂያ የለውም። ሰፊው የፊት እግር መኪናውን ለውድድር ለሚያወጣ ሰው እንጂ ለእሑድ ሽርሽር አይደለም።

የወጣው ገንዘብ መኪናው ሲሸጥ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። የድሮውን ሰቨን የሚፈልግ ገዢ ዋናውን ብራቾ ነው የሚጠይቀው፤ አሮጌውን ዕቃ ያልጣለ ባለቤት በድርድሩ ይጠቀማል። ለደላላው ደግሞ ከደረሰኙ ይልቅ የፊት ጎማዎቹ ይናገራሉ፤ የውስጥ ጠርዛቸው ብቻ ተበልቶ ከተገኘ ዕቃው አዲስ ሆኖ አላይመንቱ ያልተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ ዋጋው ከመቆረጡ በፊት መኪናው ሚዛን ላይ ይውጣ።